«ይሂድ» እና «ይቆይ» በቻላቸው ቤት

«ሊማሊሞ ጉሙ፣ ውረድ ተመለስ…»

ከዚህ ወዲያ ያለው የለም። ቻላቸው የስፌት መኪናውን መርገጥ ሲጀምር ይህችን ስንኝ ከጉሮሮው ያወጣታል። መርፌው ጨርቁን ይዞ ሲሮጥ ዜማው ይደምቃል፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ግን ቃሉ ይጠፋና «እምም… እም እምም…» ብቻ ይሆናል። ዜማው አልከዳውም፤ የከዳው ቃሉ ነው። ልጅ ሳለ፣ ከዳባት በታች ካለው መንደራቸው በአንድ ሠርግ ላይ፣ አንዲት ሴት ስታወርደው ሰምቶ ነው የያዘው። የሴትዮዋን ስም አያውቅም። መልኳም ጠፍቶበታል። ድምጿ ግን ጠዋት ጠዋት፣ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ የደባርቅን ቆርቆሮ ሲዳብስ፣ ከበሩ ላይ የቆመች ያህል ይሰማዋል።

ሁለተኛው ስንኝ መቼ እንደጠፋው ለሚጠይቀው ሰው መልሱ አንድ ነው።

«ገዱ ዲሹን የሰቀለ ዕለት» ይላል፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ።

ገዱ ታናሽ ወንድሙ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ቻላቸው ጢም እንኳ አላበቀለም፤ ገዱ ደግሞ የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃን ነበር። ደርግ በወደቀ ማግስት፣ መንገዱ ሁሉ ወደ አገሩ በሚመለስ ወታደር ተሞልቶ ሳለ፣ ቻላቸው ታናሹን አዝሎ ወደ ደባርቅ ወጣና ከሸሀቡ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ተጠጋ። ሸሀቡ ያኔ ሐጂ አልነበሩም፤ ጨርቅ ቀዳጅ ብቻ ነበሩ። ከበረንዳው ጥግ የምትዝግ አንዲት አሮጌ የስፌት መኪና ነበረቻቸው። «ተቀመጥና ሞክር» አሉት። ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ የተነሣው ለቤተ ክርስቲያን፣ ለለቅሶና ለሠርግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የወታደሩን ካኪ የገበሬ ሱሪ አደረገው፤ ስሜን ተራራ ላይ ነፋስ የቀደደውን የፈረንጅ ድንኳን ጠቀመ፤ የስንቱን ሙሽራ ቀሚስ ሰፋ። በዚያችው መርገጫ ገዱን አሳድጎ አስተማረ፣ ከበየዳ የመጣችውን ዘቢደርን አገባ፣ አበባየሁን ወለደ። ጀርባው እንደ ማጭድ ጎበጠ። ይህ ሁሉ ሲሆን አላማረረም፤ የሚያንጎራጉረው ነበረዋ።

ኋላ ገዱ ጎረመሰና ከበረንዳው ጎን ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ዲሽና ቴሌቪዥን ሰቀለበት፤ አግዳሚም ደረደረ። በወንድማማቾቹ መካከል ያለው ግድግዳ ጭቃ ነው። ጭቃ ደግሞ ነፋስ እንጂ ወሬ አይከልልም።

ኳሱስ ባልከፋ። ኳስ ዘጠና ደቂቃ ነው፤ ፊሽካ ይነፋል፣ ያልቃል። የማያልቀው የኳሱ ክርክር ነው። አመሻሽ ላይ ኮት የለበሱ ሦስት ሰዎች በቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ። አንዱ ሲናገር ሁለቱም ይናገራሉ። አንዱ ዝም ሲል ሁለቱ «ለምን ዝም አልክ» ይሉታል። ቅዳሜ የሚሆነውን ሐሙስ ይናገራሉ፤ ሰኞ ደግሞ ለምን እንዳልሆነ ያስረዳሉ። «ተሳስታችሁ ነበር» የሚላቸው የለም።

«እኔ አንድ ሱሪ ባሳጥር ባለቤቱ በገበያ መሀል ያዋርደኛል» ይላል ቻላቸው። «እነዚህ አገር ምድሩን ሲያሳጥሩት ይከርሙና ሰኞ አዲስ ኮት ለብሰው ይመጣሉ።»

ከሁሉ የባሰው ግን ወጉ ግድግዳውን አልፎ በከተማው መፍሰሱ ነው። ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠብቁ ሴቶች «ነጥቤን ልጨርስ» ይባባሉ ጀመር። የእድር ስብሰባ ላይ ስለ ተቀደደው ድንኳን ሲነጋገሩ አንዱ ተነሣና «እስቲ ጉዳዩን በሁለት ከፍለን እንየው» አለ፤ ከፍሎ ሳይጨርስ መሸ፤ ድንኳኑም እንደተቀደደ ከረመ። ለቱሪስት በቅሎ የሚያከራየው ሰውዬ፣ በቅሎው ዳገት ላይ ብትተኛበት፣ «ወቅታዊ አቋሟ ጥሩ አይደለም» አለ። የዛሪማን ወንዝ ተሻግሮ የማያውቅ ሰው ደግሞ «ባለፈው ሳምንት ማንቸስተር ድረስ ሄደን ተሸንፈን መጣን» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከመንገድ የመጣ ይመስል እግሩንም ያሻል።

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት የከተማው ጥያቄ አንድ ነበር። የአርሴናል አሰልጣኝ ይሂድ ወይስ ይቆይ? በዚያ ዘመን በአደባባይ፣ አፍ ሞልቶ «ይሂድ» የሚባልበት ሌላ ሰው አልነበረምና፣ ሰዉ በሆዱ ያጠራቀመውን «ይሂድ» ሁሉ በእኒህ ሰውዬ ላይ አወረደው። ገዱ «ይሂድ» ባይ ነው። የሺዋስ «ይቆይ» ባይ ነው።

የሺዋስ የዘቢደር ወንድም ነው፤ ከበየዳ በግ እየነዳ ደባርቅ ገበያ የሚሸጥ፣ ቁመቱ ዘለግ፣ ንግግሩ ረጋ ያለ ሰው። «አንድ ክረምት ውርጭ አዝመራውን ቢመታበት ማሳውን የሚሸጥ ገበሬ አለ?» ነው ክርክሩ። ገዱ ደግሞ «በየዓመቱ የሚመታ ከሆነ ይሽጠዋ» ይላል። ልብ በሉ፣ ሁለቱም የአርሴናል ደጋፊ ናቸው። የተለያየ ቡድን ቢደግፉ ኖሮ ተሰዳድበው ሻይ ይገባበዙ ነበር። አንድ ቡድን ስለደገፉ ግን አንዱ ሌላውን እንደ መናፍቅ አየው።

በኅዳር አንድ ምሽት፣ ከሦስቱ ኮት ለባሾች «ይቆይ» የሚለው አፉን ሲከፍት፣ ገዱ በሪሞቱ ድምፁን አጠፋው።

«መልሰው» አለ የሺዋስ።

«ቤቱ የኔ ነው።»

«ቤቱ ያንተ ነው። ነጥቡ የሰውዬው ነው። ይጨርስ።»

«ነጥብህን በየዳ ሂድና ጨርስ። እዚያ በጎቹ ያዳምጡሃል።»

ይህም እንኳ ባለፈ ነበር። በቃል የተባለ ነገር ከአንድ ሌሊት ውርጭ አያልፍም። በዚህ አገር የሚከፋው ነገር ወደ ግጥም የገባ ዕለት ነው። በቀጣዩ የገበያ ቀን ገዱ፣ ጠላ ቤት ለተቀመጠ አንድ መሰንቆ መቺ በጆሮው ሹክ አለው። መሰንቆ መቺው የሺዋስን አየት አደረገና ለቀቀው፦

«ከበየዳ ወርዶ ኳስ ተንታኝ የሆነ፣
በጉን ለቀበሮ ጥሎ የባከነ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሺዋስ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ፤ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ተቀበል» አለው፦

«ሪሞት ስለያዘ ዳኛ የመሰለው፣
መብራት የሄደ ለት ማነው የሚያዳምጠው።»

ግጥሞቹ ክፉ ቢሆኑ ይረሱ ነበር። ጥሩ መሆናቸው ነው ነገሩን ያበላሸው። በማግስቱ ሊስትሮው አዜማቸው፤ በሦስተኛው ቀን የሽሬ አውቶቡስ ረዳት ይዟቸው ሄደ። ቻላቸው ራሱ አንድ ጠዋት እግሩ መርገጫውን በእነሱ ምት ሲመታ ያዘውና በንዴት መኪናውን አቆመ። የዕድሜ ልክ ዘፈኑ ቃል ጠፍቶበት ሳለ፣ ይህ የስድብ ስንኝ ሳይጎድል ተሟልቶ ገብቶ መቀመጡ አንገበገበው።

የአበባየሁ ሠርግ ለጥር ተቆርጧል። መጀመሪያ ገዱ መጣ።

«ጋሼ፣ አታስቀይመኝ። እሱ በገባበት ዳስ እኔ አልገባም።»

ቀጥሎ የሺዋስ መጣ። እሱ እንዲያውም አልጮኸም፤ ይህ ቻላቸውን ይበልጥ አስፈራው።

«ጋሽ ቻላቸው፣ ልጄ ናት፤ እመርቃታለሁ። ግን ገዱ ካለ ከሩቅ ነው የምመርቃት።»

ዘቢደር ሁለቱንም ከጓዳ ሆና ሰማች። ያን ምሽት ብቅሉን ስትፈትግ እጇ ቆመ።

«ያባቷ ወንድም ሳይኖር ማን ይሸኛታል? የናቷ ወንድም ሳይኖርስ? ግማሽ ዘመድ ይዛ ልትዳር ነው? አማቶቿ በሄደች ቁጥር 'ወገን የላትም' እንዲሏት?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ያንተ ወንድም፣ የኔ ወንድም። በገዛ ሥጋችን እኮ ነው የተከፈልነው፤ ለማናውቀው ፈረንጅ።»

አበባየሁ ግን፣ አባቷ የሠርግ ቀሚሷን ሰፍቶ «ልበሺውና ልየው» ባላት ቁጥር «ይደርሳል አባዬ» ብላ ትወጣለች። ቻላቸውን የቆረጠው ይህ ነው። የስንቱን ልጅ በደስታ ልብስ ያስዋበ ሰው፣ የራሱን ልጅ ቀሚስ ከምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ያየው ጀመር።

ሽማግሌ ለመነ። መሪጌታ ኪዳነ ማርያም እሺ አሉ። ሐጂ ሸሀቡ፣ ሱቃቸውን ዘግተው፣ እሺ አሉ። ሦስተኛው ይሁን የተባለው አሻግሬ ነበር፤ ሽበቱ ያማረ፣ ድምፁ ጎርነን ያለ፣ ለሽምግልና የተፈጠረ የሚመስል ሰው። በወጣትነቱ በአውራጃ ውድድር የመስመር ዳኛ እንደነበር በዚያ ሰዓት ማንም አላስታወሰም። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው።

የተመረጠው ቀን በታኅሣሥ፣ በነቢያት ጾም ውስጥ ዋለ። ይህም በጀ ተባለ፤ ጾም ከሆነ ሥጋ የለም፣ ሥጋ ከሌለ መሪጌታና ሐጂ ከአንድ ገበታ ይቆርሳሉ። ዘቢደር ሽሮውን፣ ስልጆውን፣ ጎመኑን፣ ተልባውን አሰናድታ ጠበቀች። ቻላቸው ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ጾሙን ከሽማግሌዎቹ ጋር እፈታለሁ ብሎ ነበር። ሽማግሌዎቹ ገቡ። ገዱ ከበሩ በስተቀኝ፣ የሺዋስ በስተግራ ቆሙ። ቻላቸው የውሃ ጆግና ማስታጠቢያ ይዞ በመካከል ቆመ።

«ቁጭ በሉ አባቶቼ።»

«አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ። «የመጣንበት ሳይሰጠን አንቀመጥም፣ እህልም አንቀምስም። ልጆቼ፣ ነገር አናበዛም። ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ይቅር ተባባሉና እንቀመጥ።»

ወግ ይኸው ነው። ሽማግሌ በረሃብና በመቆም ያስጨንቃል፤ የተለመነው ሰው ጥቂት ያንገራግርና ሽበቱን አፍሮ እሺ ይላል። ገዱ አንገቱን ደፍቶ ነበር። የሺዋስ ጉሮሮውን ጠራርጎ ነበር። አንድ ትንፋሽ ነበር የቀረው።

«መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ አሻግሬ። «ቁስል ከሥሩ ካልታየ ከላይ ይደርቅና ከውስጥ ያመረቅዛል። ለመሆኑ ገዱ፣ ይሂድ ያልክበት ምክንያት ምንድን ነው?»

ገዱ ቀና አለ። ፊቱ እንደ ቴሌቪዥን በራ።

«አመሰግናለሁ ጋሽ አሻግሬ። በሁለት ከፍዬ ነው የማየው…»

ቻላቸው ዓይኑን ጨፈነ።

ገዱ በሁለት ከፈለ፤ የሺዋስ በሦስት ከፍሎ መለሰ። ሐጂ ሸሀቡ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ፣ ሳይታሰብ፣ «ተከላካይ ሳይገዛ የሚከርም ሰው ምኑን ይሟገቱለታል?» አሉ። ለካ ሐጂም ማታ ማታ ሱቃቸውን ዘግተው ከግድግዳው ወዲህ ሲያዳምጡ ኖረዋል።

«ሐጂ፣ እርስዎም?» አለ ቻላቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ጆሮ እኮ መዝጊያ የለውም።»

«ሰውዬው ስንት ዓመት አገልግሏል?» ብለው ጠየቁ መሪጌታ፤ ኳስ የሚባል ነገር አንድም ቀን አይተው አያውቁም።

«ወደ ሃያ ይጠጋል፣ አባ» አለ የሺዋስ።

«ሃያ ዓመት ያገለገለ ሰው በአደባባይ ይሂድ ይባላል?» መሪጌታ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ። «የኛም ደብር እንዲህ ያሉ ጎረምሶች አሉበት። ድምፁ ደከመ ይላሉ። ዜማ ረሳ ይላሉ። ያውም ያስተማራቸውን!»

«ልክ ነዎት አባ፣ ይቆይ» አለ የሺዋስ።

«መሪጌታ በስሜት አይግቡበት» አለ አሻግሬ። «ተራ በተራ። ገዱ፣ መልስ አለህ?»

ከጓዳው በር ዘቢደር ብቅ ብላ ቻላቸውን በከንፈሯ ብቻ «ቀዘቀዘ» አለችው። የስልጆው ሽታ ወጥቶ አፍንጫውን ያዘው። በመስኮቱ ጀምበሯ ወደ ወገራ ስታዘቀዝቅ ይታያል፤ ብርድ እንደ ሌባ በደጃፉ ሥር ይገባል። የጆጉ ውሃ ለብ ብሎ የተቀዳ ነበር፤ አሁን ጣቱን አደነዘዘው። አምስት ሰዎች ቆመው ይከራከራሉ፤ የቴሌቪዥኑ ሰዎች እንኳ ተቀምጠው ነው የሚከራከሩት። ከልጁ ሠርግ በዚህ ቤት ውስጥ ቀሚሱ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ከምስማሩ ላይ ነው።

«አባቶቼ» አለ። «የልጄ ነገር…»

አሻግሬ እጁን አነሣ።

«ቆይ ቻላቸው፤ ነጥቡን ይጨርስ።»

ቻላቸው ጆጉን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ማስታጠቢያውን ከጎኑ አኖረ። ማንም ሳያየው ወደ ጓሮ ወጣ። የዶሮ ቤቱን መዝጊያ የደገፈውን ሰፊ ድንጋይ አነሣና በጎበጠ ጀርባው ላይ፣ ከማጅራቱ ሥር፣ አሳረፈው። ደግ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ትሕትናም አይደለም። ንዴት ነው፤ ረሃብም አለበት። ሰው እንዲህ ሲናደድ በሌላው ላይ ድንጋይ ይወረውራል። እሱ መወርወር ስለማያውቅ ተሸከመው።

እንደዚያው ሆኖ ገባና ታናሽ ወንድሙ ፊት አጎንብሶ ቆመ።

ክርክሩ ተቆረጠ። በዚህ አገር ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምን በዳይ ነው፤ ያውም ታናሹ ለታላቁ፣ ልጁ ለአባቱ። ታላቅ ለታናሹ ሲሸከም የታየበት ቤት የለም፤ ቢታይ እርግማን ነው።

«ጋሼ! ምን ሆነህ ነው?»

«ይቅር በለኝ» አለ ቻላቸው ወደ መሬት እያየ።

«ምን አድርገኸኝ?»

«አሳደግሁህ።»

ከዚያ ከነሸክሙ እያዘገመ ወደ የሺዋስ ዞረ።

«አንተም ይቅር በለኝ። እህትህን አገባሁ።»

ሐጂ ሸሀቡ «አስተግፊሩላህ» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። መሪጌታ አማተቡ። አሻግሬ እጁ እንደተነሣ ቀረ፤ ባንዲራ የያዘ ይመስል ነበር። ገዱ ድንጋዩን ሊያወርድ ዘለለ፤ ቻላቸው ወገቡን አዙሮ ከለከለው።

«ለብቻህ አታወርደውም።»

«ጋሼ፣ ጀርባህ…»

«ጀርባዬን ተወው። ዳስ ውስጥ አብራችሁ የምትገቡ ከሆነ አብራችሁ አውርዱት። ካልሆነ እንደተሸከምሁ ልጄን እድራታለሁ፤ እዚያም ሰው ይየኝ።»

ከጓዳ አበባየሁ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። አባቷን ከነድንጋዩ አየችና እንባዋን ለቀቀችው። የሺዋስ እሷን አየ። ብዙ አልቆየም። ተራመደና የድንጋዩን አንድ ጠርዝ ያዘ፤ ገዱን ሳያየው «ያዝ እንጂ» አለው። ገዱ ያዘ። አንሥተው ሲያወርዱት እጃቸው ተጋጨ፤ ድንጋዩ አመለጣቸውና ከሐጂ ጫማ በጣት ርቀት ዱብ አለ።

ሁለቱም በቻላቸው ጉልበት ላይ ወደቁ። አነሣቸውና አሳሳማቸው። ሲሳሳሙ ትከሻ ለትከሻ ሲነካኩ፣ ገማ የተባለ ነገር የሚያሸቱ ነበር የሚመስሉት፤ ግን ተሳሳሙ።

«ጥር ላይ ዳሱን እኔና አንተ ነን የምንጥለው» አለ የሺዋስ።

«እንጨቱን እኔ አመጣለሁ» አለ ገዱ። ቀጥሎም በለሆሳስ «ግን አሁንም ይሂድ ነው የምለው» አለ።

«አንተ!» አሉ መሪጌታ።

«ይበል ግድ የለም» አለ የሺዋስ። «ይቆያል።»

መሪጌታ ምርቃቱን ጀመሩ። የዕለቱ ኀፍረት ስለከበዳቸው ይሆን፣ ከወትሮው አስረዘሙት። ከግዕዙ ወደ አማርኛ፣ ካማርኛው ወደ ግዕዙ ተመላለሱ፤ ሙሽራዋን መረቁ፣ ዳሱን መረቁ፣ በጎቹን መረቁ፤ ደብራቸውን ከጎረምሶች እንዲጠብቅላቸውም በመሀል ጣል አደረጉ። ቻላቸው አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ በየመሀሉ «አሜን» ይላል። ሆዱም ከሥር ሌላ አሜን ይላል።

በመጨረሻ ተቀመጡ። ቻላቸው ጆጉን አንሥቶ ለመሪጌታ አስታጠበ፤ ለሐጂ አስታጠበ፤ ለአሻግሬ ሲደርስ ውሃውን ትንሽ በዛ አድርጎ አፈሰሰለት፣ እጅጌው እስኪርስ። ለገዱና ለየሺዋስ በአንድ ጊዜ አፈሰሰ፤ አራት እጅ ባንድ ማስታጠቢያ። ዘቢደር ገበታውን አቀረበች። ሽሮው ደርቆ ቆዳ አውጥቷል፤ ጎመኑ ዘይቱ ረግቷል። ከመሀሉ ተቆርሶ፣ ተጎርሶ፣ ተጎራርሶ ሳለ፣ አሻግሬ አፉን ሞልቶ «ለነገሩ ግን ተከላካይ…» ብሎ ጀመረ፤ ሐጂም አንገታቸውን ዘንበል አደረጉለት።

አበባየሁ ጆጉን ከአባቷ እጅ ተቀበለችና እጁን አስታጠበችው። ገዱና የሺዋስ ወዲያና ወዲህ ጠጋ ብለው በመሀላቸው ክፍት አደረጉለት። ቻላቸው ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ፣ «እህህ» እያለ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከተረፈው ዳር ቆረሰና ቀዝቃዛውን ሽሮ ጎረሰ።